የቦራ ቃጭል ሲፈታ

ከወለቃ ወደ ጎንደር ከተማ በሚያስገባው መንገድ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ድምፅ ነበር። ሰው ሳይታይ፣ አቧራም ሳይነሣ፣ ቃጭል ይሰማል፤ በቅሎዋ ስትፈጥን እየፈጠነ፣ ድንጋይ ስትመርጥ እየዘገየ፣ ውሃ ልትጠጣ አንገቷን ስትደፋ ጭራሽ ዝም እያለ። በእኛ ሰፈር፣ ከአበራ ጊዮርጊስ ግርጌ፣ ምስር የሚለቅሙት ሴቶች ጆሯቸውን ያቀኑና በቅሎዋንና ነጂዋን ለይተው «የቦራ ነው፤ ክንዱ ገባ» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። ብዙ ሲራራ ነጋዴ ያልፍ ነበር፣ ቃጭሉም ብዙ ነበር፤ የቦራ ግን ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ጉንፋን የያዘው ቄስ ሲቀድስ የሚመስል ድምፅ ነበረው።

ዛሬ በቅሎ አንገት ላይ ቃጭል አይቶ የማያውቅ ወጣት፣ ጓደኛው ከሥራ ሲወጣ «ቃጭሉ ተፈታ» ይላል። ቃሉ ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ጋራዦቹ፣ ከጋራዦቹ ወደ መሥሪያ ቤቱ ገባና እዚያው ቀረ። «ተባረረ» ማለት ግን አይደለም። የተባረረ ሰው አባራሪ አለው፤ በአፍ ነግረውታል፣ ወይም ጮኸውበታል። ቃጭሉ የተፈታ ሰው ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስለት ነገሩን ራሱ የተረዳ ነው። ጠዋት ሲገባ ወንበሩ ከቦታው ተነሥቶ ያገኛል፤ ወይም ሻይ ለሁሉ ሲቀዳ እሱ ይዘለላል። ከዚያ በኋላ ቆቡን አንሥቶ ይወጣል እንጂ አይጠይቅም።

አንድ ቀን በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሁለት ጸሐፊዎች ሲሳሳቁ ሰማሁ።

«ያ ሰውዬ ቃጭሉ ተፈታ አሉ።»

«ምነው፣ ሰው በግ ነው እንዴ ቃጭል የሚፈታለት?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ። ሲሉ ሰምቼ ነው።»

እኔ ግን ክንዱ ትዝ አለኝ። ቃሉን የቃል መልክ ያስያዘው የእሱ ነገር ነውና፣ እንደማስታውሰውና ከቤቱ ሰዎች እንደሰማሁት ላውጋው።

ክንዱ የዳባት ገበሬ ልጅ ነበር። የአባቱ መሬት ለወንድማማቾች ሲከፈል ለእሱ የደረሰው ከድንጋዩ አፈሩ ያነሰ ገደላማ ሆነ። «ይህን እኔ አላርሰውም፤ ዝንጀሮ ይረሰው» ብሎ ለታላቅ ወንድሙ ተወለትና ጎንደር ወረደ ይባላል። ያደረው ከአቶ ዳኛው ቤት ነው። አቶ ዳኛው ጨው፣ ጥጥና ማር የሚነግዱ፣ ቃላቸው የሚታመን ሰው ነበሩ። አጋሰሶቻቸው ወደ ደባርቅ ወጥተው፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደው፣ ዛሪማ ደርሰው ይመለሳሉ። በሌላ ጊዜም በትክል ድንጋይ በኩል አርማጭሆ ይወርዳሉ።

ጣልያን ሲገባ ብዙ ነጋዴ በቅሎውን ተነጠቀ። ክንዱ ግን የጌታውን በቅሎዎች አርማጭሆ ገደል ውስጥ ደብቆ፣ እሱም አብሮ እንደ በቅሎ ቅጠል እየቀመሰ፣ ጠላት እስኪወጣ ከረመ። ከዚያ አጥንታቸው የወጣ፣ ግን በሕይወት ያሉ በቅሎዎች እየነዳ በወለቃ በኩል ሲገባ አቶ ዳኛው ደጃፋቸው ላይ ቆመው አለቀሱ። የአባታቸው የነበረውን አሮጌ ቃጭል ከጓዳ አስመጥተው፣ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ለነበረችው ለቦራ በእጃቸው አሰሩላት። ቦራ የተባለችው በግንባሯ ባለው ነጭ ምክንያት ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ያጋሰሶቹ አለቃ አንተ ነህ» አሉት። «ይህ ቃጭል በተሰማበት ሁሉ እኔ እንዳለሁ ይቆጠራል።»

ክንዱ ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገርም፤ ከበቅሎ ጋር ግን መንገዱን ሙሉ ያወራል። ቦራን መትቷት አያውቅም። ሊማሊሞ ላይ ሽፍታ የሚያደባበት አንድ ጠመዝማዛ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ቀረብ ይልና የቃጭሉን ምላስ በአውራ ጣቱ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ከቦራ ጋር ትከሻ ለትከሻ ያልፋል። ካለፉ በኋላ ምላሱን ሲለቀው ኋላ የሚመጡት ነጂዎች ሁሉ ይተነፍሳሉ። «ክንዱ ጣቱን ካነሣ ሞት አልፏል» ይሉ ነበር።

የሲራራ ነጋዴዎች ያልተጻፈ ደንብ ነበራቸው። ጌታ ሎሌውን በአፉ «ሂድ» አይለውም። ገደል አብሮት የወረደን፣ ሽፍታ ሲተኩስ ከአንድ ድንጋይ ኋላ አብሮት የተኛን ሰው በምን አፉ ሂድ ይለዋል? ስለዚህ አንዱን ነጂ ሊያሰናብት ሲፈልግ፣ ነጂው በሌለበት፣ የሚመራትን በቅሎ ቃጭል ያስፈታና በበረንዳው ምሰሶ ላይ ያስሰቅለዋል። ነጂው ወደ ጋጣ ሲገባ የበቅሎዋን ባዶ አንገት ያያል። ሽመሉንና ጋቢውን ይዞ ይወጣል። አይሰናበትም፤ ስንብት ተመልሶ ለሚመጣ ሰው ነው። «ደኅና ይዋሉ» ቢል ጌታው «በሰላም ተመለስ» ሊለው ነው፤ ሁለቱም እንዳይዋሹ ዝም ብሎ መሄድ ይሻላል። ሲሰነብት የሚገባውን ሽማግሌ ያደርስለታል፤ ቂምም አይያያዙም፤ ገበያ ላይ ሲገናኙ ይሳሳማሉ።

በአቶ ዳኛው ቤት ቃጭል የሚፈታው ክንዱ ነበር። ጌታው «የእገሌን» ብለው በዓይናቸው ያመለክቱታል፣ እሱም ይፈታል። አንድ ጊዜ ፋንታሁን የሚባል ነጂ ጠላ ጠጥቶ መንገድ ላይ ተኛና ጭነቱ ሁሉ ከነማሩ ገደል ገባ። ቃጭሉ ተፈታ። ፋንታሁን ግን ደንቡን ትቶ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አያ ክንዱ፣ ግባና ጠይቅልኝ። ማሩን እከፍላለሁ በልልኝ።»

«ቃጭል አይጠየቅም፣ ፋንታሁን።»

«አንተ አይደለህ የፈታኸው? ለአንተ አንድ ቃል ምንህ ነው?»

«የፈታው እጄ ነው። ቃጭል ግን አይጠየቅም።»

ፋንታሁን መሬቱን በሽመሉ መታ፣ ሄደም። ከዚያ በኋላ «ቃጭል አይጠየቅም» በነጂዎቹ ዘንድ እንደ ተረት ሆነ። ሚስቱ የጠነከረችበት ሁሉ፣ ገበያ የከሰረበት ሁሉ፣ «እንግዲህ ቃጭል አይጠየቅም» ይል ጀመር። ክንዱም ሲሰማው በጢሙ ውስጥ ፈገግ ይል ነበር።

አቶ ዳኛው ሞቱ። ልጃቸው ሐብተ ማርያም፣ አዲስ አበባ ተምሮ የኖረው፣ ለቀብር መጥቶ እዚሁ ቀረ። ሸጋ ልጅ ነበር፤ ለስላሳ፣ እናቱን የሚወድ፣ ሰው ፊት ክፉ ቃል የማይወጣው። በልጅነቱ በቅሎ ላይ ያስቀመጠው፣ ሲወድቅም ያነሣው ክንዱ ነው። ጣልያን ጥሎት የሄደ አንድ ማኪና ገዝቶ አሠራ፤ የሻው የሚባል ሾፌርም ቀጠረ። የሻው አፈኛ ነበር።

«አያ ክንዱ፣ የኔዋ በቅሎ ገብስ አትበላም፤ ቤንዚን ብቻ ነው የምትጠጣው» ይለዋል።

«ስትጠጣማ አይቻታለሁ» ይላል ክንዱ። «አምባ ጊዮርጊስ ጭቃ ላይ ሰክራ ቆማ ነበር። ጭነቷን ወደ ቤት ያስገባችላት ቦራ ናት።»

«እሱን አታንሣብኝ።»

«አላነሣም። ቦራ ግን አልረሳችም።»

እንዲህ ይቀላለዱ ነበር። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ማኪናው የዛሪማን መንገድ ጠቅልሎ ወሰደው። ነጂዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አንዳንዱ ቃጭሉ ሳይፈታ ገብቶት ሄደ። በቅሎዎቹም ለባላገር ተሸጡ። በስተመጨረሻ የቀሩት ቦራና ጥቂት ጓደኞቿ፣ ከእነሱም ጋር ክንዱ ብቻ ነበሩ፤ ማኪና ወደማይገባበት ወደ አርማጭሆ ቆላ እየወረደ ሰሊጥ ያመጣል። እሱም ዕድሜው ገፍቷል። ሚስቱ ታየች እግሯን ያማታል። የሚኖሩት በግቢው ጀርባ ባለችው ቤት ነው። የዳባቱ መሬት በወንድሙ ልጆች እጅ ነው። ቃጭሉ ከተፈታ ቤቱም፣ እህሉም፣ ስሙም አብሮ ይፈታል። ስለዚህ በዚያ በጋ ጠዋት ጠዋት ወደ ጋጣ ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው የቦራን አንገት ሆነ። ቃጭሉ አለ። ሐብተ ማርያም ምንም አላለውም፤ ነገር ግን እሱ ወዳለበት ሲመጣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ወይም ወደ ጫማው ያደርጋል። ክንዱ ይህን ያያል።

የሆሣዕና ዕለት ከሳንጃ ሰሊጥ ጭኖ ገባ። ቃጭሉ እንደ ልማዱ ከሩቅ ተሰማ። በማግሥቱ የሕማማት ሰኞ ነው፤ ቤቱ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ዋለ። ክንዱ ሰግዶ ሲመለስ በቅሎዎቹን ቀሃ ወንዝ ሊያጠጣ ወደ ጋጣ ገባ።

የቦራ አንገት ባዶ ነበር። ጠፍሩ ለዓመታት የተኛበት ቦታ ፀጉሩ ተልጦ፣ ቆዳው ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። ክንዱ እጁን እዚያ ላይ አሳረፈ። ቦራ ዞር ብላ አየችው። ወደ በረንዳው ሲመለከት ቃጭሉ በምሰሶው ላይ፣ ራሱ የፋንታሁንን በሰቀለባት ሚስማር ላይ፣ ተንጠልጥሏል።

አበቡ፣ የቤቱ ወጥ ቤት፣ እንስራ አዝላ አጠገቡ አለፈች። አላናገረችውም። ሐብተ ማርያም ጥቁር ነጠላውን ተከናንቦ ከቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ራሱን አቀርቅሮ አለፈ። ሕማማት ነው፤ ይሁዳ ጌታውን በሰላምታ አሳልፎ የሰጠበት ሳምንት ነውና ሰው ከሰው ሰላም አይባባልም፤ እጅ አይጨባበጥም፤ አይሳሳምም። በዚያ ሳምንት ዝም ያለህ ሰው የተቀየመህ ይሁን፣ የሚጾም ይሁን፣ መለየት አይቻልም። ክንዱ የቆመው በዚያ ዝምታ መካከል ነበር።

በቅሎዎቹን አጠጥቶ መለሰና ወደ ቤቱ ገባ። ታየች እሳት ዳር ተቀምጣ እግሯን ታሻለች።

«ተፈታ» አላት።

«ምኑ?»

«የቦራ።»

ታየች እጇን ከእግሯ ላይ አነሣች። «ሕማማት ስለሆነ ይሆናል» አለች።

«በጌታዬ ጊዜ ለሕማማት ተፈትቶ ያውቃል? ዓርብ ስቅለት ዕለት ከእነ ቃጭላችን ደባርቅ ያደርንበትን ዓመት ረሳሽው?»

«እሳቸው ሌላ ናቸው። እመቤቴ ባላቸው ከሞቱባቸው ወዲህ በጾም በጸሎት እንዴት እንደጠበቁ አታይም? ያን ጌጡን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተው የለም እንዴ? ግባና ጠይቃቸው።»

«ቃጭል አይጠየቅም።»

«ይህን ያልከው አንተ ነህ። መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም።»

«እኔ ስላልኩት ነዋ። ፋንታሁንን ከደጅ መልሼ እኔ ልግባ? ምን ብዬ? ‹ለእኔ ሲሆን ይጠየቃል› ብዬ?»

«እሺ፣ እኔ ልጠይቅ።»

«አንቺ ጠየቅሽ እኔ ጠየቅሁ ያው ነው። ተይኝ፣ ታየች።»

በደንቡ ቢሆን ያኔውኑ መሄድ ነበረበት። ታየች ግን በሕማማት ቤት አይፈርስም ብላ ለመነችው። በቅሎዎቹንስ ማን ያጠጣቸዋል? ለራሱ ይህን ምክንያት አደረገ፤ እውነቱ ግን ተስፋውን መቁረጥ አልቻለም። ሐብተ ማርያም እንዲህ በተከበረ ሳምንት ይህን ያደርጋል ብሎ ማመን አቃተው። ደግሞም ያምናል። ከጋጣው በር ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ቦራ አንገት እያየ ሳምንቱን ገፋው። ከትልቁ ቤት የሚላክለትን ቆሎ አልነካም። የላላውን ኮርቻ ሁሉ ሰፋ፣ መጫኛውን ገመደ፣ ጋጣውን ከነግድግዳው መረገ፤ ለሚመጣው ሰው አደራ እንደሚያስረክብ።

አሁን ደግሞ ክንዱ ያላወቀውን ልንገራችሁ፤ እኛ ሁላችን ያወቅነው ከጊዜ በኋላ ከአበቡ አፍ ነው። ቃጭሉን ያስፈቱት ወይዘሮ ለተ ማርያም፣ የአቶ ዳኛው ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ የመጀመሪያው ሕማማት ነበር። ጌታ በሚንገላታበት ሳምንት ከእኔ ደጅ የበቅሎ ጌጥ ድምፅ አይሰማም ብለው ተሳሉ። አበቡን «ውጪና ያን ነገር ፍቺልኝ፤ ለፋሲካ ይታሰራል» አሏት። አበቡም ፈትታ፣ የሚንጠለጠልበት ስትፈልግ፣ በምሰሶው ላይ ሚስማር አየችና እዚያ ሰቀለችው። የነጂዎቹን ደንብ ሁለቱም አያውቁም። እሱ በጋጣ በኩል፣ በወንዶች መካከል የሚያልቅ ነገር ነበር፤ እመቤቲቱ የሚያውቁት ነጂ ሲቀየር ብቻ ነው።

ዓርብ ስቅለት ሕዝቡ አበራ ጊዮርጊስ ሞልቶ ሲሰግድ ዋለ። ክንዱ ዋርካው ሥር ቦታ ይዞ ሲሰግድ፣ አጠገቡ መጥቶ የቆመው ሐብተ ማርያም ሆነ። ሕዝቡ ተጣቦ ነበርና ሌላ ቦታ አላገኘም። አብረው ይወድቃሉ፣ አብረው ይነሣሉ፤ ግንባራቸው አንድ አፈር ይነካል። አንድ ጊዜ ሐብተ ማርያም ሲነሣ ተንገዳገደና የክንዱን ክንድ ያዘ። ክንዱ እንደ ልጅነቱ ደግፎ አቆመው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሐብተ ማርያም አፉን ከፈተ፤ አንድ ነገር ሊል ነበር። ሕማማት ነውና መልሶ ዘጋው። «እግዚኦ» ሲባል አብረው ወደቁ።

ማታ ክንዱ ለታየች ነገራት።

«ሊለኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ቅዳሜ፣ ቄጠማው ከታደለ በኋላ፣ ወይዘሮ ለተ ማርያም አበቡን «በይ የቦራን እሰሪላት፣ ነገ ፋሲካ ነው» አሏት። አበቡ ቃጭሉን ከምሰሶው አውርዳ ወደ ጋጣ ስትሄድ ሐብተ ማርያምና የሻው ማኪናው አጠገብ ቆመው ነበር። የሻው ከነጂዎቹ ጋር ብዙ መንገድ ያደረ በመሆኑ ደንቡን ያውቃል።

«ወዴት ነው ይዘሽው?» አላት።

«ላስርላት ነዋ። ለሕማማት አይደል የተፈታ?»

የሻው ሳቀ። «ለሕማማት? አያ ክንዱ እኮ ቤቱን ጠቅልሎ ጨርሷል። ተባረርሁ ብሎ ነው ሳምንቱን ሙሉ አፈር መስሎ የከረመው። ሩጪና እሰሪ፣ አንቺ ልጅ፤ ሰውዬው ሳይሄድ።»

አበቡ ልትሮጥ ስትል ሐብተ ማርያም እጁን ዘረጋ።

«ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ጠየቀ። የሻው ስለ ደንቡ ነገረው፤ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ዝምታው። ሐብተ ማርያም ሲሰማ ቆየ። ወደ አርማጭሆም የማኪና መንገድ ሊወጣ እንደሆነ፣ በቅሎዎቹንም የሚገዛ ሰው እንዳገኘ፣ ለክንዱ ምን ብሎ እንደሚነግረው ግን ከመስቀል ጀምሮ ሲጨነቅ እንደከረመ፣ ከየሻው በቀር ያወቀ አልነበረም።

«ተይው» አላት አበቡን። «መልሰሽ ስቀይው።»

«እመቤቴስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ጌታው» አለው የሻው፤ ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «ይኸማ አይሆንም። ባይሆን በአፍዎ ይንገሩት።»

ሐብተ ማርያም ፊቱን ወደ ማኪናው አዞረ። አበቡም ቃጭሉን መልሳ ሰቀለች። «ጉድ ነው አልሁ በሆዴ» ትል ነበር በኋላ፤ «ግን እኔ ምን አፍ አለኝ?» ለእናቱም አልነገራቸውም። እነግራቸዋለሁ እያለ ፋሲካው ገባ።

እሑድ ቀትር ላይ የቤቱ ሰው ሁሉ በትልቁ ቤት ተሰበሰበ። ክንዱ አልመጣም። ታየችና እሱ ዕቃቸውን በአንድ አቁማዳና በአንድ ሣጥን ከትተው፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ዳባት ሊወጡ ተሰናድተው ነበር። ወይዘሮ ለተ ማርያም መሶቡ ቀርቦ ሲያዩ፣ «ክንዱ የት አለ? እሱ ሳይባርክ በዚህ ቤት ፋሲካ ተበልቶ ያውቃል?» ብለው አበቡን ላኩበት።

«አያ ክንዱ፣ እመቤቴ ይጠሩሃል።»

«አሞኛል በያቸው።»

«አልልም። ጾም ገና መፍታቴ ነው፤ በምን አፌ እዋሻለሁ? ና።»

መጣ። ነጭ ጋቢውን ለብሶ ነበር። በሩ አጠገብ ካለው መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወደ ሐብተ ማርያም አላየም። ሐብተ ማርያምም በመሶቡ ማዶ ሆኖ ዳቦውን ያፈረፍራል። የሻው ከእነሱ መካከል ተቀምጧል፤ ያ አፉ ዛሬ ተለጉሟል።

«እንኳን አደረሰህ፣ ክንዱ» አሉ እመቤቲቱ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እመቤቴ።»

«ምነው ፊትህ እንዲህ ጠቆረ? ታየች ደኅና አይደለችም?»

«ደኅና ናት።»

እመቤቲቱ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ በሩ ብቅ ሲሉ ቃጭሉን በምሰሶው ላይ አዩት። ተገርመው ከሚስማሩ አወረዱት። ቃጭሉ ያን የሻከረ ድምፁን አንድ ጊዜ አሰማ፤ በቤቱ ያለው ሁሉ ቀና አለ። ይዘውት ገቡ።

«አበቡ፣ አንቺ ሰነፍ፣ ትናንት እሰሪ አላልኩሽም? ክንዱ፣ አንተስ ዓይን የለህም? በቅሎዋ በፋሲካ ራቁቷን ትዋል?»

ክንዱ ከመደቡ ተነሣ። ድምፁ ሲወጣ የገዛ ድምፁ አይመስልም ነበር።

«ማን ፈታው፣ እመቤቴ?»

ይህን ጥያቄ በዕድሜው ጠይቆት አያውቅም።

«እኔ ነኛ። ለሕማማት ብዬ። ለዳኛው ነፍስ ተስዬ። ምነው፣ አልነገሩህም?»

የክንዱ ፊት እንዴት እንደበራ አበቡ ስታወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታቆም ነበር። የዓመታት ጭነት ከላዩ የወረደለት ሰው መሰለ። ሳቀም፤ ጥርሱ የጎደለበት ሳይቀር ታየ። «ለሕማማት» አለ፤ ደግሞ «ለሕማማት ኖሯል» አለ፤ ቃጭሉንም ከእጃቸው ተቀብሎ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ጠረገለት። ከዚያ፣ እንደ ወጉ የጌታውን ቃል ሊሰማ፣ ወደ ሐብተ ማርያም ዞረ።

«ሐብቴ፣ እንግዲህ ልሰርላት?»

ሐብተ ማርያም ዳቦውን ያፈረፍር ነበር።

«በል እንጂ፣ ልጄ» አሉት እናቱ። «እሰርላት በለው። ዛሬ እኮ የቤቱ ጌታ አንተ ነህ።»

ሐብተ ማርያም ዳቦውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ፤ ከንፈሩ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። የሻው ወደ ግድግዳው ዞረ። ዛሬ ሕማማት አልነበረም። ሰላምታ ተፈቅዷል፤ መናገር ተፈቅዷል፤ ማንም ሰው ለማንም ሰው የፈለገውን መናገር ይችላል።

ክንዱ ጥቂት ጠበቀ። አየው። ዓርብ ዕለት በዋርካው ሥር ሊለው የነበረው ምን እንደሆነ ያኔ ገባው።

«ክንዱ?» አሉ ወይዘሮ ለተ ማርያም። «ምንድን ነው? ሐብቴ?»

ክንዱ የቃጭሉን ምላስ በአውራ ጣቱ ያዘ፤ ያን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሲያልፉ እንደሚይዘው። ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በመደቡ ላይ በጎኑ አስተኛው። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ወጣ።